በፎረሜ ቀዳዳ የገባው ሰላምታ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህንን መጀመሪያ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ። ነገሌ ቦረና ካምፑ አጠገብ ያደግኩ የሃምሳ አለቃ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ከጎጃም እናቴ ከወሎ መጥተው እዚያ ተገናኝተው ወለዱኝ፣ ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ከየአገሩ የመጡ ስለነበሩ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጋኔን ይዞ ነበር የመጣው፣ የአንዱ ከወንዝ ይወጣል፣ የሌላው ከዛፍ ይወርዳል፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ "እስቲ አሳዩኝ" ባይ ነበርኩ። በዚህ ምላሴ ስንት ቁንጥጫ እንደቀመስኩ ጆሮዬ ይመስክር። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ሥራዬ ኮምፒውተር ሆነ፣ ኮምፒውተር ያዘዙትን ይሠራል፣ ያላዘዙትን አይሠራም፣ አንድ ነገር ከተበላሸ ያበላሸው ሰው አለ፣ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው። እስከዚያች ዓርብ ድረስ እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ደግሞ ነገሩ የሆነው ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ "እንቅልፍ ነው፣ ድካም ነው" ብዬ እተወው ነበር። እኩለ ቀን ነው፣ ስድስት ሰዓት፣ የነገሌ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ውሻ እንኳን ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር በገባበት ሰዓት።

ያኔ ስልክ እንደዛሬው ሁሉን ነገር አይሠራም ነበር፣ ኢንተርኔት የፈለገ ሰው ኢንተርኔት ቤት ይመጣል፣ የእኔ ቤት ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሯት። ክፍሏን ያከራዩኝ አዴ ሀሊማ ናቸው፣ አዴ እናቴ እንደማለት ነው፣ ከጎኔ ያለውን የጨርቅ ሱቅ የያዙ፣ ዕቃቸውን ከሞያሌ የሚያስመጡ፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የሚናገሩ ትልቅ ሴት። ዕቃውን በጭነት መኪና የሚያመላልስላቸው ደግሞ ወንድሜ ዮናስ ነው። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን፣ ታናሼ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም፣ ስለዚህ መንገድ በወጣ ቁጥር ሆዴ አብሮት ይወጣል።

ከሥራዬ ጎን ለጎን አንድ ፎረም፣ የኢንተርኔት መጨዋወቻ ገጽ፣ ነበረችኝ፣ ነገሌ ያደጉ ልጆች የሚገናኙባት። የወታደር ልጅ ታውቃላችሁ፣ አባት ሲዛወር አብሮ ይበተናል፣ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ናይሮቢ፣ እና እኔ በነፃ የሚገኝ የፎረም ፕሮግራም አውርጄ፣ ቆራርጬ ቀጣጥዬ ለሁሉም መሰብሰቢያ አደረግኩላቸው። መስመር ሲጠፋ ደግሞ፣ ሲጠፋ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ደንበኛ እንዳይመለስብኝ ብዬ የፎረሙን ግልባጭ በራሴ ማሽን ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ሰው እዚያ ላይ ይጽፋል፣ መስመሩ ሲመለስ እኔ ወደ ዋናው እልከዋለሁ። ይህንን ያዙልኝ። መስመር በሌለ ጊዜ ግልባጩ ላይ መጻፍ የሚችለው እኔ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ቀን አዴ ሀሊማ ናይሮቢ ላለ ልጃቸው መልእክት ሊያስጽፉኝ መጡና ጥቂት ቆይተው ተቆጡ።

"አንቺ ምህረት፣ ይሄ ፎረምሽ ስድ ነው" አሉኝ።

"ምን አደረገዎት አዴ?"

"ናጋ? አልኩት፣ ዝም። ሎን ናጋ? ከብቱስ? አልኩት፣ ዝም። ያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰላምታ ተጠይቆ ዝም ይባላል እንዴ?"

"አንቱ ደግሞ፣ ኮምፒውተር ሰላምታ መመለስ ያውቃል?"

"አስተምሪዋ! አንቺ አይደለሽ የወለድሻት?" አሉና ሳቅ አሉ፣ ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። "ናጋ ያለ ሰው መልስ ሳያገኝ አይሄድም፣ ወላሂ። እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።"

የእኛን አገር ሰላምታ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ናጋ ሰላም ማለት ነው፣ ግን እንደ አዲስ አበባው ሰላም አንድ ጊዜ ተብሎ አያልቅም፣ ሰዉ ናጋ? ቤቱ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ዝናቡ ናጋ? እየተባለ ይጠየቃል፣ የሚመለሰውም ናጋ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ አስከሬን ተኝቶ እንኳን ቢሆን መጀመሪያ ናጋ ይባላል፣ ክፉው ወሬ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የካምፕ ልጆችም ከቦረና ልጆች ጋር ስላደግን ይሄ ሰላምታ የእኛም ሆኗል፣ ትልቅ ሰው ጀምሮት ሳይጨርስ ጥሎ መሄድ ከስድብ ይቆጠራል።

እናም ፎረሜን ሰላምታ አስተማርኳት። ከላይ የቆጠርኳቸውን አምስት ጥያቄዎች የጻፈ ሰው ወዲያው ከሥሩ "ናጋ" የሚል መልስ እንዲያገኝ ጥቂት መስመር ኮድ ጨመርኩ፣ መልሱ ውስጥ የጠያቂው ስም እንዲገባ ደግሞ ሰነፍ መንገድ መረጥኩ፣ ሰው የጻፈውን ሳላጣራ አንስቼ ለማሽኑ እንደ ትእዛዝ ሰጠሁት። ስሕተቱ ለማይታያችሁ፣ ተላላኪ አለ እንበል፣ ሥራው "እገሌ እንዲህ ብሏል" ብሎ መናገር ብቻ ነው፣ የእኔ ተላላኪ ግን እገሌ ያለውን ሁሉ ይፈጽማል፣ እገሌ "በሩን ክፈት" ካለው በሩን ይከፍታል። እኔ ቤት የተጻፈ ነገር ጽሑፍ ሆኖ አይቀርም፣ እውን ይሆናል።

ሰው ሁሉ ወደደው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ታደሰ ደወለልኝ፣ አብሮን ያደገ፣ አሁን አዋሳ ኮምፒውተር የሚያስተምር ልጅ ነው።

"ምህረት፣ ቤትሽን ክፍት ትተሽ ነው እንዴ የምታድሪው?" አለኝ። "ሰላምታሽ ላይ ቀዳዳ አለ። ተመልከቺ።"

የሰላምታው ቦታ ላይ አንዲት መስመር ኮድ ጻፈ፣ ገጹ ላይ የሰርቨሬ ፋይሎች ስም ዝርዝር ተዘርግቶ ወጣ፣ ጓዳዬን ገላልጦ ለሰው ያሳየብኝ ያህል አፈርኩ። "እሺ፣ ነገ እደፍነዋለሁ" አልኩት። ነገ ሌላ ሥራ መጣ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ፣ እንዲሁ እያልኩ ወር ሞላኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሰዉ ያንን ሰላምታ ወዶት ስለነበር እጄ አልደፈረም።

የመጀመሪያው ምልክት በዚያ ወር መጣ፣ እኔ ግን ምልክት ነው ብዬ አላየሁትም። አዴ ሀሊማ እንደ ልማዳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ሰላምታቸውን አስጻፉኝ። ሰዉ ናጋ? ናጋ አለ። ቤቱ ናጋ? ናጋ አለ። ከብቱ ናጋ?

"ናጋ ሚቲ" አለ።

ሰላም አይደለም ማለት ነው። ፎረሜን እንዲህ አላስተማርኳትም፣ እነዚህ ሁለት ቃላት ኮዴ ውስጥ የሉም። አዴ ሀሊማ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ ታደሰ ጋ ደውዬ ጮህኩበት፣ "ትልቅ ሴትዮ ታስደነግጣለህ?" ብዬ፣ ልጁ በእናቱ ስም ምሎ ካደ። መዝገቡን ከፈትኩ፣ ማን ከየት እንደጻፈ ፎረሙ ይመዘግባል፣ ያ መልስ የተጻፈው ከእኔው ቤት ከአራት ቁጥር ማሽን ነው ይላል። አራት ቁጥር ደግሞ ከተበላሸ ሳምንታት አልፈውታል፣ ኪቦርዱን እንኳን ነቅዬ ለሁለት ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሊበን ገጠር ሰው መጣ፣ ወንድማቸው ዘንድ የነበሩት የአዴ ሀሊማ ከብቶች በበሽታ አልቀዋል።

እኔም አስረዳሁ፣ ማስረዳት እወዳለሁ። የዚያን ጊዜ መስመር ነበረ፣ አንድ የማያፍር ሰው በቀዳዳው ገብቶ ጽፏል፣ መዝገቡንም አበላሽቶት ይሆናል፣ ከብት እንደሆነ በዚያ ዓመት ያልሞተበት ሰው የለም። አዴ ሀሊማ እስክጨርስ ሰሙኝና "እሺ ልጄ" ብቻ አሉኝ።

ዓርብ ደረሰ። መስመሩ ከረቡዕ ጀምሮ ጠፍቷል፣ ስልኩም አብሮ ጠፍቷል። ዮናስ ማክሰኞ ሞያሌ ወርዶ ነበር፣ ዓርብ በአሬሮ በኩል ተመልሶ እንደሚገባ ነግሮኛል፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አዴ ሀሊማ ሱቃቸውን ዘግተው ሄደዋል፣ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ደንበኛም የለ። ዛሬ እንኳን ያንን ቀዳዳ ልድፈነው ብዬ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ፣ መጀመሪያ ግልባጩን አስተካክላለሁ፣ መስመሩ ሲመለስ ዋናውን።

የጣራው ቆርቆሮ ከሙቀቱ የተነሳ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ለምጄዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከቆርቆሮው ድምፅ መሀል ሌላ ድምፅ ለየሁ፣ ከበስተቀኜ፣ ዝቅ ብሎ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ። ስንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፣ አይጠፋኝም፣ ሰው ኪቦርድ ሲመታ ነው። ቀና አልኩ። ከአራት ቁጥር ነው የሚመጣው፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የጠፋ ሞኒተር ብቻ ነው ያለው፣ ኪቦርድ የለም አልኳችሁ። ሳየው ድምፁ ቆመ። እመኑኝ፣ ያን ጊዜም አልፈራሁም፣ "አይጥ ነው" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለራሴ።

ወደ ማሽኔ ዞር ስል ግልባጩ ላይ አዲስ ጽሑፍ አለ። የጻፊው ስም ያለበት ቦታ ባዶ ነው።

"ሰዉ ናጋ?" ይላል። ከሥሩ ፎረሜ መልሳለች፣ "ናጋ"።

"ቤቱ ናጋ?" "ናጋ"።

ተነሳሁ፣ ማሽኖቹን ሁሉ ከእኔ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ነቀልኩ። አሁን የእኔ ማሽን ከግድግዳው መብራት በስተቀር ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ ኬብሉ እጄ ላይ ነው። ቆሜ እያየሁ፣ ኬብሉን ይዤ እያየሁ፣ ጽሑፉ ጨመረ።

"መንገዱ ናጋ?"

መንገድ እኔ ካስተማርኳት አምስቱ ጥያቄዎች ውስጥ የለም፣ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ሰጠ።

"ናጋ ሚቲ።"

ወዲያው ሌላ መጣ፣ "ወንድምሽ ናጋ?"

ከሥሩ ምንም የለም። ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። የሚጠበቀው የእኔ መልስ እንደሆነ ገባኝ፣ እንዴት እንደገባኝ አትጠይቁኝ፣ አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ጠይቆኝ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ዓይነት ስሜት ነው የተሰማኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ወንበሬን በእጄ ዳብሼ ነው የተቀመጥኩት። "ማነው?" አልኩ፣ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ከአራት ቁጥር በኩል አንድ ጊዜ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ፣ ቀጭ አለ።

የአዴ ሀሊማ ከብቶች ትዝ አሉኝ። ያም መልስ ከማንም አፍ ሳይወጣ፣ ተጻፈ፣ ሆነ። እኔ ራሴ የሠራሁት ነገር ነው፣ እዚህ ቤት የተጻፈ ነገር ትእዛዝ ይሆናል፣ ያንን ቀዳዳ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ዮናስ አለ። በእንደዚህ ዓይነት ነገር የማላምነው እኔ፣ ሃሳቤን እንኳን ሳልጨርስ ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ፣ ሦስት ጊዜ ተሳስተው በአራተኛው "ወንድሜ ናጋ ነው" ብለው ጻፉ፣ ላክሁት።

ገጹ ነጭ ሆነ። የማሽኑ ማራገቢያ ጩኸቱ እየጨመረ ሄደ፣ ሊፈነዳ ነው እስክል ድረስ፣ ከዚያ ረገበ፣ ገጹም ተመለሰ፣ መልሴ ከጥያቄው ሥር ተቀምጧል።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን በፍርሃት ነው ያደረግኩት። ፎረሙን መልሼ ሳላይ የኮዱን መስኮት ከፈትኩ፣ ያንን ሰላምታ ከነቀዳዳው አጠፋሁ፣ ከእንግዲህ ሰው የጻፈው ሁሉ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አደረግኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ገመዱን ከግድግዳ ነቅዬ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ከአዴ ሀሊማ ሱቅ ደጃፍ በዚያ ፀሐይ ቁጭ ብዬ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ከሶላት ሲመለሱ አገኙኝ፣ አላስጨነቁኝም፣ ውኃ ሰጥተውኝ አጠገቤ ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ የዮናስን መኪና ጥሩንባ ሰማሁ። ሮጬ አቅፌው አለቀስኩ፣ እሱም ሳይስቅብኝ አቀፈኝ፣ ከወትሮው ለየት ብሎብኛል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ከዳዋ ወንዝ ወዲህ ያለችውን ላጋ ታውቂያታለሽ፣ ያቺን ደረቅ ወንዝ" አለኝ። "ስድስት ሰዓት ገደማ ልሻገር ወደ አሸዋው ስወርድ አንድ ሽማግሌ ዳር ቆመው በትራቸውን አነሱ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቆምኩ። ሰላምታ ጀመሩ፣ ሰዉ ናጋ? ቤቱ ናጋ? መንገዱ ናጋ? እኔ ናጋ፣ ናጋ እላለሁ፣ ቸኩያለሁ፣ እሳቸው አይለቁኝም፣ ሞተሬን እንዳላስነሳ ነውር ነው። ሰማዩ ላይ ደመና የለም ምህረት፣ ጠብታ የለም። ደጋው ላይ፣ ቦሬ በኩል ዘንቦ ኖሮ ጎርፉ በአንድ ጊዜ መጣ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ልሆንበት የነበረውን ቦታ ዛፍና ድንጋይ ይዞ ጠርጎት አለፈ።"

"ሽማግሌውስ?" አሉ አዴ ሀሊማ።

"ዞር ስል የሉም። ሜዳ ነው፣ የሚደበቁበት ቁጥቋጦ እንኳን የለም።" ወደ እኔ ዞረ። "ግን ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት መጨረሻ ላይ የጠየቁኝ አለ። 'እህትህስ ናጋ?' አሉኝ። እህት እንዳለኝ በምን አወቁ? መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት የውኃውን ድምፅ ሰማሁ።"

"መለስክላቸው?" አልኩት።

"አልመለስኩም" አለኝ።

በማግስቱ ማሽኑን ሰካሁት፣ ዮናስና አዴ ሀሊማ ከኋላዬ ቆመዋል። ግልባጩን ከፈትኩ፣ "ወንድሜ ናጋ ነው" የሚለው መልሴ አለ። ከእሱ በታች አንድ ሌላ መስመር አለ፣ ያላየሁት፣ እኔ የኮዱ መስኮት ውስጥ ገብቼ ሳለ የተጻፈ፣ ሰዓቱን አመሳከርኩት፣ ቀዳዳውን ከመድፈኔ አንድ ደቂቃ ይቀድማል።

"አንቺስ ናጋ?"

ከሥሩ ባዶ ነው።

ወዲያው "እኔም ናጋ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። ማራገቢያው አልጮኸም፣ ገጹ ነጭ አልሆነም። ደግሜ ጻፍኩ፣ አሥር ጊዜ ጻፍኩ፣ ዮናስ ጻፈ፣ ሁሉም ጽሑፍ ሆኖ ተቀመጠ፣ ጽሑፍ ብቻ፣ ራሴ ነኛ እንደዚያ ያደረግኩት። አዴ ሀሊማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው "መልሱ ደርሷል? አልደረሰም?" ሲሉ ማንን እንደጠየቁ አላወቅኩም።

ዓመታት አለፉ። ኢንተርኔት ቤቱ ተዘግቷል፣ ዮናስ ትዳር ይዞ ቡሌ ሆራ ነው፣ በየማለዳው ደውሎ ከምንም ነገር በፊት "ናጋ ነሽ?" ይለኛል፣ "ናጋ" እለዋለሁ። ጥያቄው ግን የእሱ አይደለም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ያንን ማሽን መሸጥም መጣልም አልቻልኩም፣ አልጋዬ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ኮዱን መልሶ መጻፍ ለእኔ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ቀዳዳውን ከፍቼ፣ "ናጋ ነኝ" ብዬ፣ መልሼ መዝጋት። ስንት ጊዜ ገመዱን ይዤ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ከከፈትኩት መልሴ ብቻ አይደለም የሚያልፍበት፣ የሚጠብቀውም ይገባል፣ በዚያ አንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ደግሞ አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ቤቴ ጣራው ሸክላ ነው፣ ቆርቆሮ የለውም። ከአልጋው ሥር አንድ ጊዜ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ።